ጣልያንኛ ይዘን ዓለም ባንክ የገባንበት ሳምንት

እሑድ

ከወልቂጤ ስንነሳ ልጄ ምንታምር ፋይሏን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋለች። ውስጡ ዲግሪዋ አለ፤ የጣልያንኛ ቋንቋ ዲግሪ። አራት ዓመት ተምራ አገኘችው፤ ከዚያ አንድ ዓመት ከአራት ወር ይዛው ቤት ተቀመጠች።

እኔ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከዚያ በፊት ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቼ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ጣልያንኛ አላውቅም ማለት ይከብደኛል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ። የኔ ጣልያንኛ ከሞተር ይጀምርና ጎማ ላይ ያልቃል። ሰላምታ የለበትም። ምንታምር ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጣልያንኛ ክፍል ደረሳት ሲባል ጎረቤቶቼ «ታዲያ ምን አደከማት፣ አንተ ሱቅ ቁጭ ብላ አትማርም ነበር?» ብለው ስቀውብኛል።

ዓርብ ዕለት ስልክ ተደወለላት። ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ያለ አንድ የፓስታ ፋብሪካ ከጣልያን ማሸጊያ ማሽን አስመጥቷል። ማሽኑን የሚተክለው ባለሙያ አብሮ መጥቷል፤ እሱ ግን ከጣልያንኛ ሌላ ቋንቋ አይሰማም። አስተርጓሚ ይፈለጋል፤ አምስት ቀን ሙከራ፣ ካለፈች የሦስት ወር ውል። አብሬያት ልሄድ ወሰንኩ። አዲስ አበባን ከኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ብቻዋን መሄድ አቅቷት አይደለም፣ እኔ ብቻዬን መቅረት አቅቶኝ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ፋይሉን አዩና ጠየቋት።

«ምን ተማርሽ ልጄ?»

«ጣልያንኛ።»

ትንሽ አሰቡ። «ለምን? ሊመለሱ ነው እንዴ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ጣቶቿ ግን ፋይሉን ይበልጥ ጨበጡት። ቱሉ ቦሎ ቁርስ ስንበላ አብረዋት የተመረቁትን ቆጠረችልኝ። አንዷ ስልክ ማዕከል ውስጥ በአማርኛ «እንደምን ዋሉ» ትላለች። አንዱ አስጎብኚ ሆኖ ቱሪስት ይጠብቃል። አንዷ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አንዱ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ወንበር ዘርግቶ የልደት ካርድ ይተረጉማል። «በጣልያንኛ የሚሠራውስ?» አልኳት። ሻይዋን አማሰለች። ስኳር ግን አልጨመረችበትም ነበር።

አየር ጤና ስንወርድ ወልቂጤ የገበያ ቀን የምናየው ሕዝብ አንድ ፌርማታ ላይ ቆሞ ነበር። ረዳቱ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ! አንድ ሰው የጎደለ!» እያለ ሁለታችንንም አስገባን። ስንደርስ ባንክም ዓለምም አላየሁም፤ ኮንዶሚኒየም፣ ግማሽ የተሠራ ቤት፣ ብሎኬት የጫነ አይሱዙ። አይሱዙውን ሳይ ግን ደስ አለኝ፤ ባሌስትራው ሊሰበር ሁለት ጉድጓድ ነበር የቀረው።

ያረፍነው የአክስቴ ልጅ አስካለ ዘንድ ነው። ኮልፌ ከገባች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለው ሱቅ ሸቀጥ ትነግዳለች፣ አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። ወልቂጤ ቤቴ ለመግባት የምሻገረው አንድ ደፍ ነው፤ እዚህ ግን ቆጮና ቅቤ ተሸክሜ አራት ፎቅ ስወጣ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። በሩን ከፍታ ገና ሳትስመኝ «ቅቤው እየፈሰሰ ነው!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የጠቀለልኩበት የእንሰት ቅጠል፣ ኮባው፣ ተቀዶ ቅቤው ወደ ምንታምር ቦርሳ ወርዷል። ፋይሉ ሲከፈት የዲግሪው ፎቶ ኮፒ እንደ መስኮት ብርሃን ያሳልፋል። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች። አስካለ ወረቀቱን ነጥቃ ዱቄት ነሰነሰችበት፣ በጨርቅ ጠራረገችው፣ ከፍራሽ ሥር አስተኛችው። «ዋናውን አልነካውም አይደል? ዋናው ካለ ኮፒ ሞልቷል። ነይ ብይ። አልጋዬን ለቅቄልሻለሁ፣ አንተ ደግሞ አትከራከረኝ።» እሷ ሶፋ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ፣ ምንታምር አልጋው ላይ ተኛን። ማንን እንቅልፍ እንደወሰደው ግን እንጃ።

ሰኞ

አስካለ ቤት ውኃ በፈረቃ ነው፤ የኛ ፈረቃ ደግሞ ትናንት አልፏል። ጎረቤቷ ሳትጠየቅ አንድ ጄሪካን ውኃ በር ላይ አስቀምጣ ወረደች። ስሟን እንኳ አላወቅኩም። ወልቂጤ እንዲህ ያደረገልኝን ሰው ቢያንስ ምሳ እጋብዘዋለሁ፤ እዚህ ሰው ደግነቱን በር ላይ ጥሎ ይሮጣል።

ከፋብሪካው በፊት ያለው መታጠፊያ ላይ ምንታምር ቆመች።

«አባዬ፣ ከዚህ ተመለስ። ‹አባቷ ነው ያደረሳት› እንዲሉኝ አልፈልግም።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ማንም።»

ማንም ሆንኩ። እሷ ከገባች በኋላ ግን እግሬ እንቢ ብሎኝ ወደ በሩ ሄድኩ። ዘበኛው ጋሽ ወርቁ የሚባሉ፣ ሽበታቸው ከኔ የሚበልጥ ሰው ናቸው። «ሰው እየጠበቅኩ ነው» አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። አግዳሚ ወንበራቸውን አጋሩኝ፤ ቀኑን ሙሉ ከወልቂጤና ከኮልፌ የቱ ይበርዳል እያልን ተከራከርን። በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ጣልያናዊውን አየሁት፤ ማውሮ ይባላል፣ ቀጭን፣ እጁ ከአፉ ቀድሞ የሚያወራ። ከኋላው ልጄ። ከልጄ ኋላ እጇን ያጣጠፈች ሴት፤ ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሶስና። ቆማ የምታየው ማሽኑን ሳይሆን የልጄን አፍ ነበር።

ማታ አስካለ ቤት ራት ስንበላ «እንዴት ነው?» አልኳት።

«ይፈጥናል። ክፍል ውስጥ ግጥም ነበር የምናነበው፤ እሱ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ስለ ላስቲክ ነው። አንዳንዱን ቃል ሰምቼው አላውቅም።»

«ያልገባሽን ዘለል አድርጊው። ደላላ ሁሉን ነገር አይናገርም። አስተርጓሚ ማለት የቃል ደላላ ነው።»

«አባዬ፣ ደላላ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። እኔ መጨመርም መቀነስም አልችልም።»

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው ትርፉ?»

አስካለ «ልጅቷን ተዋት፣ ትብላበት» ብላ አጎረሰችኝ፤ ማለት አፌን ዘጋችው።

ማክሰኞ

ምንታምር ትናንት አይታኝ ኖሮ «ዛሬ በር ላይ እንዳላይህ» ብላኛለች። ስለዚህ ቤቴል ሄጄ ማኪያቶ ልጠጣ ታክሲ ያዝኩ። ሐሳቤ ፋብሪካው ውስጥ ስለነበር መውረጃዬን አለፍኩ፤ ተሳስቼም ሌላ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። አፍንጫዬ ቀድሞኝ ሲያውቀው ረጲ ደርሻለሁ። በቆሼ በኩል አንዲት ሴት ከቆሻሻው ተራራ የለቀመችውን ብረት በዓይነት በዓይነት ትለያለች። ቆሜ አየኋት፤ ኩሽኔታውን ከቡለኑ የምትለይበት ፍጥነት ሱቄ ውስጥ ካለው ሻጭ ይበልጣል። «ጠፍተው ነው አባቴ?» አለችኝ ቀና ብላ። ከሥራዋ ተነስታ ፌርማታው ድረስ ወሰደችኝ፤ ረዳቱንም «ቤቴል አውርዳቸው፣ እንዳትረሳቸው!» ብላ አስጠነቀቀችልኝ። ማኪያቶውን ስጠጣ ቀዝቅዞ ነበር፤ ወይም እኔ ነኝ።

ምንታምር ወደ ቤት ስትመለስ ፊቷ አመድ ለብሷል። ቁጭ ብላ እንዲህ አለችን።

ቶሎሳ የሚባል የሰበታ ልጅ ማሽኑ ላይ ይሠራል። ማውሮ ከሩቅ ድንገት «አቴንቶ አላ ቴስታ!» ብሎ ጮኸ። እሷም ወዲያው «ጭንቅላትህን ጠብቅ!» አለችው። ቶሎሳ ጭንቅላቱን በአንድ እጁ ይዞ ጎንበስ ሲል ሌላኛው እጁ ማሽኑ ላይ አረፈ፤ ሁለት ጣቱ ተቃጠለ። ቤቴል ክሊኒክ ወስደው በፋሻ ጠቅልለውለታል፤ ደህና ነው።

«ታዲያ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለች አስካለ።

«ገና ነው። ሠራተኞቹ ‹ፈረንጁ በቴስታ እመታሃለሁ ብሎ ዛተበት› አሉ። ‹ቴስታ ሲል ሁላችንም ሰምተናል፣ አስተርጓሚዋም ጭንቅላትህን ጠብቅ ብላ አስጠንቅቃዋለች› ይላሉ። እኔ ቢሮ ተጠርቼ ስሄድ ደግሞ ማውሮ ሊያጽናናው ብሎ ወደ ቶሎሳ ሄዶ ‹ካልቾ? ካልቾ?› አለው።»

አስካለ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ቴስታው አልበቃው ብሎ ካልቾ?»

«እንደዚያ ነው ያሉት! በነሱ አገር ካልቾ ማለት እግር ኳስ ነው። የማን ደጋፊ ነህ ማለቱ ነው። ሥራ አቁመው ወጡ።»

መሳቅ ነበረብን። እኔ ግን ሐሳቤ አንዲት ቃል ላይ ቀረ።

«ቴስታን ለምን ጭንቅላት አልሽው?»

«ጭንቅላት ማለት ስለሆነ ነዋ! ሰው በር ሲገባ ‹አቴንቶ አላ ቴስታ› ይባላል። አንደኛ ዓመት ነው የተማርነው።»

«የሞተርም ክዳን እኮ ቴስታታ ነው የሚባለው። ይኼ ማሽን ራስ የለውም?»

ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ።

«አለው» አለች በስተመጨረሻ። «ላስቲኩን የሚያጣብቀው። የሚግለው እሱ ነው። አባዬ… ማሽኑን ነው ያለው። የማሽኑን ራስ ጠብቅ ነው ያለው።»

አጥፊው ማውሮ አልነበረም፣ ቶሎሳም አልነበረም። ይህንን የሚያውቀው ደግሞ ከመላው ዓለም ባንክ እኛ ሦስታችን ነን። ማውሮ አማርኛ አይሰማም፣ እነሱ ጣልያንኛ አይሰሙም። በንግድ ዓለም እንዲህ ያለ ዕድል በሕይወት አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው።

«ዝም በይ» አልኳት። «ነገ ይረሳል። ሁለቱም ወገን ይቅር ይባባላል፣ አንቺም ሥራሽን ትይዣለሽ።»

እህሉን ሳትነካ ወደ ጎን ገፋችው።

ረቡዕ

ወደ በሩ ከመሄድ ማንም ሊከለክለኝ አልቻለም። ጋሽ ወርቁ ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

«እንኳን መጡ! ሠራተኞቹ ሽማግሌ ካልተቀመጠ ማሽን አንነካም ብለዋል፣ ወይዘሮ ሶስናም ተስማምታለች። እኔ አንድ፣ ዱቄት ቤት የሚሠሩት እትዬ ዘነበች ሁለት። ሦስተኛ ጎድሎናል። እርስዎ ሽበት አለዎት፣ ፋብሪካው ውስጥ ዘመድ የለዎት፣ ለማንም አያዳሉም።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን አስቡት፤ ልጄ የምትዳኝበት ቦታ ላይ ዳኛ ሁን ስባል በየትኛው አፌ ነው እምቢ የምለው? ገባሁ።

መጋዘን ውስጥ የፓስታ ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ወልቂጤ እንዲህ ያለ ነገር ዛፍ ሥር ነው የሚያልቀው፤ እዚህ ከላይ ቆርቆሮ፣ ዙሪያችንን ስፓጌቲ። ምንታምር ስታየኝ ደነገጠች፤ እኔም እንደማላውቃት ሆንኩ። ወይዘሮ ሶስና ከጎን ቆመች፣ እጇን አጣጥፋ።

ቶሎሳ ፋሻውን አሳይቶ ተናገረ። «ቴስታ አለኝ። እሷ ራሷ ጭንቅላትህን ጠብቅ አለችኝ። ቀጥሎ መጥቶ በካልቾ ዛተብኝ። ዕቃ ነኝ እንዴ እኔ?»

ምንታምር አንድም ሳትቀንስ ለማውሮ ነገረችው። ሰውየው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ተነስቶ በሁለት እጁ ማሽኑን እያሳየ፣ ደረቱን እየመታ ብዙ አወራ። እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት አንድ ቃል ነው፤ ቴስታ። ሦስት ጊዜ አላት። ሲጨርስ ተቀመጠ፤ ሁሉም ሰው ወደ ልጄ አፍ ዞረ።

እሷ አንዴ ፋሻውን፣ አንዴ ማውሮን ታያለች። እኔም አላስቻለኝም፤ ሽማግሌነቴን ተገን አድርጌ ገመድ ወረወርኩላት።

«ይቅርታ ነው የሚለው፣ አይደል ልጄ?»

ጋሽ ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ዘነበች «እሰይ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የቀረን።

«አይደለም» አለች ምንታምር። አየችኝ፣ ከዚያ ወደ ቶሎሳ ዞረች። «ይቅርታ አላለም። የሚለው ‹የማሽኑ ራስ ይግላል፣ ተጠንቀቅ ነው ያልኩት› ነው። በነሱ ቋንቋ ለማሽኑም ለሰውም ራስ ቴስታ ነው። ጭንቅላትህን ጠብቅ ያልኩህ እኔ ነኝ። የማሽኑን ቃል አላውቀውም ነበር። ጣትህን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ።»

ከዚያ ዞራ ያንኑ ለማውሮ በጣልያንኛ ነገረችው። እውነቱን እንደነገረችው ያወቅኩት ሰውየው እጁን ሲያወርድ ነው።

«ካልቾውስ?» አለ አንድ ሠራተኛ ከኋላ።

«ካልቾ እግር ኳስ ነው። የማን ደጋፊ እንደሆነ ሊጠይቀው ፈልጎ ነው።»

ከካርቶኑ ኋላ የሆነ ሰው ሳቁን አፈነ። ወይዘሮ ሶስና ግን አልሳቀችም። ጋሽ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ሽማግሌዎች ምን እንላለን?» አሉ፣ መጀመሪያ ወደኔ እያዩ።

«እኔ ከሽምግልናው ወርጃለሁ» አልኩ። «ልጄ ናት።»

«ሰኞ ቀኑን ሙሉ ሰው እየጠበቅኩ ነው ሲሉኝ!»

«እሷም እኮ ሰው ናት፣ ጋሽ ወርቁ።»

ቶሎሳ ፋሻውን አገላበጠ። «ጭንቅላቴንማ ጠብቄያለሁ» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን ወዲያው ኮስተር አለ። «እህቴ፣ ነገ ሌላ የማታውቂው ቃል ቢመጣስ? እኔ የቀሩኝ ስምንት ጣቶች ናቸው።»

«የማላውቀውን አላውቀውም እላለሁ። ማሽኑ ይቆማል፣ የማውሮን እጅ ይዤ የቱን ነው እለዋለሁ፣ ከዚያ ነው የምነግርህ።»

ወይዘሮ ሶስና እጇን ፈታች። «ነገ ጠዋት ቢሮ ነይ» አለች፤ ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። በመንገድ ስንመለስ ልጄና እኔ ጎን ለጎን ሄድን፤ መደበቁ አልቋል።

«ተቆጣህ?» አለችኝ።

«ገመድ ስወረውርልሽ ለምን አልያዝሽም?»

«ይቅርታ ብሏል ብዬ ቢሆን ኖሮ ማውሮ ያላጠፋውን አጥፍቷል ተብሎ አገሩ ይገባ ነበር። ቶሎሳ ደግሞ ነገም ማሽኑን ሳይሆን ጭንቅላቱን ነበር የሚጠብቀው።»

ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ ግን አስቤ አላውቅም። አስካለ ቤት ራት ተበላ፤ እኔ ግን ነገን እያሰብኩ ነበር። ብትባረርስ? ባትባረርስ? ውሉ ሦስት ወር ነው፤ ማሽኑ በደንብ ሲተከል እሷ ትነቀላለች። ይኼ ትምህርት እንዲህ ነው፤ ሥራሽን በደንብ በሠራሽ ቁጥር ሥራሽ ቶሎ ያልቃል።

ሐሙስ

ሱቁን ከዚህ በላይ መዝጋት አልችልም፤ ልብሴን ሸክፌ ከመታጠፊያው ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅኩ። ምንታምር ከበሩ ወጥታ እየሮጠች መጣች።

«ያለፉት ሦስት ቀናት አይቆጠሩም አለችኝ። ሙከራው እንደ አዲስ ዛሬ ይጀምራል፤ አሁን ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ እስከ ቅዳሜ። እያንዳንዱን የማሽን ቃል እየጻፍኩ ግድግዳ ላይ እንድለጥፍ አዛለች፤ ጣልያንኛውን፣ አማርኛውን፣ ሠራተኞቹ የሚጠሩበትንም።» ጉንጬን ስማኝ ተመልሳ ሮጠች። ደህና ሁን እንኳ አላለችኝም፤ አልተቀየምኩም፣ ሥራ ላይ ናት።

አስካለ ለመንገድ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ቅቤውን ያመጣሁበትን ኮባም አጥባ መለሰችልኝ፣ የአገር ዕቃ አይጣልም ብላ። «ልጅቷ እዚሁ ትቆያለች፣ ክርክር የለም» አለችኝ። ሶፋው ላይ መተኛት የለመደች መስላ ነው የተናገረችው።

ቅዳሜ ማታ ምንታምር ውሉን መፈረሟን በስልክ ነግራኛለች። እኔ ግን ሥራውን እንደምትይዝ ያወቅኩት ገና ሐሙስ፣ ወደ አየር ጤና ስሄድ ነው። ታክሲው በፋብሪካው በኩል ሲያልፍ «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩና ወደ በሩ ሄድኩ።

«ልጥራልዎት?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«አይ፣ ይተዉ።»

ቆሜ አዳመጥኩ። ማውሮ አንድ ነገር ተናገረ። ማሽኑ ቆመ። እንደ ቃሏ፣ የማታውቀው ቃል መጥቷል ማለት ነው። ከዚያ የልጄ ድምፅ፣ አጭር፣ ረጋ ያለ። ከሷ ቀጥሎ የቶሎሳ። ከሱ ቀጥሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳቁ።

የጋሽ ወርቁን ክንድ ያዝኩ። «በምን ነው የሚስቁት? በሷ ነው?»

ጋሽ ወርቁ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ፤ ጥቂት ቆይተው ወደኔ ዞሩ።

«እኔ ጣልያንኛ አልሰማም፣ ወንድሜ» አሉኝ። «እሷም ስትስቅ ግን ይሰማኛል።»